ከ85ኛው ፊደል በኋላ

እናቴ ካዛንቺስ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበረች። ትምህርት በማይኖርበት ቀን አብሬያት እሄድ ነበር። ክፍሉ በሦስት ጎን እስከ ጣሪያው ድረስ ፋይል ነው፤ በአራተኛው ጎን መስኮት፣ ከመስኮቱ ሥር ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ባሕር መዝገቡ። ደብዳቤ ሲመጣ በቀጥታ ወደ መደርደሪያው አይሄድም። መጀመሪያ ባሕር መዝገቡ ላይ ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ የላኪው ስምና የሚቀመጥበት ቦታ ይሰፍራል። «ፋይል ተሳስቶ ሌላ ቦታ ቢገባ ተፈልጎ ይገኛል» ትለኝ ነበር፤ «መዝገብ ላይ ያልሰፈረ ግን እዚሁ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የለም።»

ቆይቶ ቄራ ውስጥ ኮምፒውተር መጠገን ስጀምር፣ ፋይል ሲስተም የሚባለው ነገር የገባኝ በዚህች አነጋገሯ ነው። ሃርድ ዲስኩ መደርደሪያው ነው፤ ፋይል ሲስተሙ ባሕር መዝገቡ። መዝገቡን ያሳተመው ሰው ለቁጥር አራት ሳጥን ብቻ አስምሮ ከሆነ፣ ከ9,999 ቀጥሎ የሚመጣው ደብዳቤ መደርደሪያው ባዶ ቢሆን እንኳ መግቢያ የለውም። ሳጥኑን የሚያሰምረው ሰው ሌላ አገር፣ ሌላ ዘመን ላይ ነው። ሳጥኑ የሚሞላው ግን እኛ ቤት ነው።

የካዛንቺስ ታሪክ ረጅም ዘመን የወረቀት ታሪክ ነበር። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት፣ «ካዜ ኢንቺስ» ከሚባለው ነው። ቄራም ስሙን የወሰደው ከእርድ ድርጅቱ ነው። በ1953 ዓ.ም. በአርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ የተነደፈው የአፍሪካ አዳራሽ ሲመረቅ፣ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ከነሰነዱ እዚያው ከተመ፤ ከዚያ ወዲህ አካባቢው የጉባኤና የሪፖርት፣ የትርጉምና የሰነድ ሰፈር ሆነ።

በወረቀትና በኮምፒውተር መሀል ፊልም አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ አዲስ አበባ ላይ ተጀመረ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን መንበረ ፓትርያርክ፣ የአሜሪካው ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲና በሚኒሶታ ኮሌጅቪል ያለው የሂል ቤተ መጻሕፍት ተባብረውበታል። እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስ ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍት ተነሥተዋል፤ ዶክተር ጌታቸው ኃይሌም ኮሌጅቪል ተቀምጠው ለብዙ ዓመት ካታሎጉን አዘጋጅተዋል። ለዚህ ትረካ የሚያስፈልገኝ የዚያ ሥራ አንድ ልማድ ነው። እያንዳንዱ መጽሐፍ አጭር ተራ ቁጥር ተሰጠው። ረጅሙ የግእዝ ርዕስ፣ የጸሐፊው ስም፣ የተገኘበት ደብር ካታሎጉ ላይ ሰፈረ፤ ፊልሙ ላይ ያለው መጠሪያ ግን ቁጥሩ ነው። ይህን ልማድ አንባቢ ይያዝልኝ፤ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

በእነዚያው ዓመታት አሜሪካ ውስጥ ሳጥኖቹ እየተሰመሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 ማርክ ማክዶናልድ የተባለ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ለፍሎፒ ዲስክ ፋት የተባለውን መዝገብ ነደፈ። በ1981 ከአይቢኤም ፒሲ ጋር በወጣው ዶስ ላይ ለፋይል ስም የተፈቀደው 8 ፊደል፣ ከነጥብ በኋላ ደግሞ 3 ብቻ ነው፤ ያውም የላቲን። እስከ 1980ዎቹ መገባደጃ ድረስ ዶስ ከ32 ሜጋባይት የሚበልጥ ዲስክ እንደ አንድ አያይም ነበር፤ ሰፋ ያለ ዲስክ የገዛ ሰው ይከፋፍለው ነበር። ዛሬ አንዲት የስልክ ፎቶ 4 እና 5 ሜጋባይት በምትይዝበት ዘመን ይህ ለማመን ይከብዳል። ያኔ ግን 32 ሜጋባይት የመሥሪያ ቤት ሙሉ ደብዳቤ የሚይዝ ነበር፤ ሳጥኑን ያሰመሩት ሰዎች ያደረጉት በጊዜው የሚበቃውን ነው።

አዲስ አበባ ዳር ቆማ አልተመለከተችም። እ.ኤ.አ. በ1980 በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር ፓዲስ የተባለ የመላው አፍሪካ የልማት መረጃ ሥርዓት ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኢንተርኔት አገራችን ሳይገባ፣ ፊዶኔት በሚባለው ዘዴ በስልክ መስመር ኢሜይል የሚላክበትና የሚመጣበት በር ይኸው ቢሮ ነበር። የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ኢንተርኔትን ለሕዝብ የከፈተው በጥር 1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የነበረ ሰው ፋይል የሚያዛውረው 1.44 ሜጋባይት በምትይዝ ፍሎፒ፣ ከቢሮ ወደ ቢሮ በእግሩ እየሄደ ነበር።

የፊደላችን ነገር ለብቻው የሚታይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እንደ ፍሥሐ አጥላው ያሉ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን አማርኛ በኮምፒውተር እንዲጻፍ አደረጉ። እነ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ደግሞ አማርኛን በላቲን ፊደል የሚወክል ሴራ የተባለ ሥርዓት አወጡ። አገር ቤት ፓወር ግእዝ፣ ቪዥዋል ግእዝ፣ አጋፋሪ፣ ብራና የሚባሉ ሶፍትዌሮች የየቢሮውን ጽሑፍ ቤት ያዙት። ሁሉም የሠሩት በተመሳሳይ ብልኃት ነበር፤ የላቲኑን ፊደል ቦታ ወስደው መልኩን በግእዝ ይቀይሩት ነበር። ስለዚህ የደብዳቤው ሆድ አማርኛ ሲሆን ስሙ ግን የግድ ላቲን ነው። የዚያን ዘመን ፋይል ዛሬ ያለ ፎንቱ የሚከፍት ሰው የተዘበራረቀ ምልክት ነው የሚያየው።

ሁለት ነገሮች ይህን ቀየሩ። በመስከረም 1992 እ.ኤ.አ. ኬን ቶምሰንና ሮብ ፓይክ ኒው ጀርሲ ውስጥ አንድ ምግብ ቤት ተቀምጠው ዩቲኤፍ-8 የሚባለውን የፊደል አጻጻፍ ነደፉ። በ1999 ደግሞ የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገባ። ግእዝ ለመጀመሪያ ጊዜ የማንንም ቦታ ሳይወስድ የራሱን ቁጥር አገኘ፤ ለዚህ የደከሙ ሰዎች ትልቅ ባለውለታዎቻችን ናቸው። ነገር ግን በዩቲኤፍ-8 አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲመዝን፣ የኛ አንድ ፊደል 3 ባይት ይመዝናል። ሀም 3 ነው፣ ፐም 3 ነው፣ ቃል የሚለየው ሁለት ነጥብም 3 ነው። ይህ ልዩነት የት ቦታ እንደሚያስቸግረን ለመረዳት ሃያ ዓመት ያህል ፈጅቶብኛል።

አሁን ወደ ቄራ ልምጣ። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ አንድ ቪዲዮ ቤት አለ። ባለቤቱን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ሰርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት፣ ተዝካር ሲቀርጹ ነው የኖሩት፤ ብዙ ደንበኞቻቸው የቂርቆስና የካዛንቺስ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ቪኤችኤስ ካሴት ነበር፣ ከዚያ ሚኒ ዲቪ መጣ። የአንድ ሰዓት ሚኒ ዲቪ ኮምፒውተር ላይ ሲገለበጥ 13 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል። እኔን የጠሩኝ ያኔ ነው። «አንተ ልጅ፣ ዲስኩ ሰፊ ነው፤ ለምን አልቀበልም ይላል?» አሉኝ።

ዲስኩ በፋት32 ፎርማት የተደረገ ነበር። ይህ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው መዝገብ የአንድን ፋይል መጠን የሚጽፍበት ሳጥን ከ4,294,967,295 የሚበልጥ ቁጥር አይይዝም። ያ 4 ጊጋባይት ነው፤ በሚኒ ዲቪ ወደ 20 ደቂቃ። የሙሽራው መኪና ከቤት ወጥቶ ቤተ ክርስቲያን ሳይደርስ ያልቃል። ዲስኩን ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው ሌላ መዝገብ ፎርማት አደረግነውና አለፈ። በኋላ ካኖን ፋይቭ ዲ ማርክ ቱ የሚባለው ካሜራ በየሰርጉ ሲታይ ያው ሳጥን በሌላ በር ተመለሰ፤ ካሜራው 4 ጊጋ ሲሞላ፣ ወደ 12 ደቂቃ ላይ ቀረጻውን ያቆማል። ጋሼ ምርቃት ሲጀመር ሁልጊዜ አዲስ ቀረጻ ያስጀምሩ ነበር፤ የሽማግሌ ምርቃት መሀል ላይ እንዳይቆረጥባቸው። ፍላሽ ይዞ የሚመጣው ደንበኛም ያው ችግር ነበረበት። ፍላሹ 16 ጊጋ ሆኖ አንዷን የ6 ጊጋ ፊልም አልቀበልም ሲል፣ «ተበላሸ» ብሎ የሚመልሰው ብዙ ነበር።

ቀጣዩ ግድግዳ 2 ቴራ ላይ መጣ። የድሮው የዲስክ አከፋፈል ሠንጠረዥ በ512 ባይት ቁራጭ ስለሚቆጥር ከ2,199,023,255,552 ባይት በላይ መቁጠር አይችልም። ከእ.ኤ.አ. 2010 ጀምሮ ባለ 3 ቴራ ዲስክ ሲመጣ፣ ጋሼ አንዱን ገዝተው አሮጌው ኮምፒውተር ላይ ቢሰኩት 746 ጊጋ ብቻ ነው ብሎ አሳየ። «ተሸውጄ ነው?» ብለው ደነገጡ። አልተሸወዱም፤ ቆጣሪው ዞሮ ከዜሮ ጀምሮ ነው። የዲስኩ ድራይቨር ታድሶ፣ ጂፒቲ ወደሚባለው አዲሱ ሠንጠረዥ ሲቀየር ሙሉው ታየ።

በዚህ መሀል አንድ ደስ የሚል ነገር ሆነ። ዊንዶውስ ቪስታ በ2007 እ.ኤ.አ. ኒያላ ከሚባለው ፎንትና ከአማርኛ ኪቦርድ ጋር ወጣ። የጋሼ ሠራተኞች ቀስ በቀስ ፎልደሮቹን በአማርኛ መሰየም ጀመሩ። ያን ጊዜ እንዴት ደስ እንዳለኝ አልረሳም። ከዚያ በፊት ፎልደሩ በላቲን ተቆራርጦ ስለሚጻፍ የማን ሰርግ እንደሆነ የሚያውቀው የጻፈው ልጅ ብቻ ነበር፤ ልጁ ሥራ ሲለቅ ስሙም አብሮት ይሄዳል። አሁን ማንም አንብቦ ያገኘዋል። እርግጥ «ወ/ሮ» የምትለው እዝባር አይፈቀድም፤ ኮምፒውተሩ እዝባርን የፎልደር መለያ አድርጎ ነው የሚያነባት። «ዓ.ም.» ብለው ሲጨርሱም ዊንዶውስ የመጨረሻዋን ነጥብ ዝም ብሎ ይጥላታል። ቢሆንም ስሞቹ እየረዘሙ፣ እያማሩ፣ የሰርጉን ታሪክ እየተረኩ ሄዱ።

ከዓመታት በኋላ ኤክስተርናል ዲስኮቹ ካርቶን ሙሉ ሲሆኑ፣ ሁሉም አንድ ላይ እንዲቀመጥ ባለ አራት ዲስክ ስቶሬጅ ተገዛ። እንዲህ ያለው ሣጥን ውስጡ ሊኑክስ ነው። አራቱን ዲስክ በሬይድ አስተሳስሮ እንደ አንድ ያሳያል፤ አንዱ ቢቃጠል ሦስቱ ይተኩታል። አራት ባለ 4 ቴራ አስገባን፤ የአንዱ ለመጠባበቂያ ሲቀነስ 12 ቴራ። ያ ሲሞላ በባለ 8 ቴራ ዲስኮች አንድ በአንድ ተካናቸው። 24 ቴራ መሆን ነበረበት። ሲሰፋ፣ ሲሰፋ፣ 16 ላይ ቆመ።

ሦስት ሌሊት ፈለግሁት። የሣጥኑ መዝገብ ኢኤክስቲ4 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ የጸና፣ በወረቀት ላይ እስከ 1 ኤክሳባይት የሚይዝ። ነገር ግን ፎርማት የተደረገው ብሎክ የሚባለው የዲስክ ቁራጭ ቁጥር በ32 ቢት በሚጻፍበት በአሮጌው አደራረግ ነበር። ብሎኩ 4,096 ባይት ሲሆን መቁጠሪያው 4,294,967,296 ላይ ያልቃል፤ ሁለቱ ሲባዙ 17,592,186,044,416 ባይት። ይኸው 16 ቴራ። መደርደሪያው ሰፋ፣ መዝገቡ ግን ሣጥኑ መጀመሪያ ቀን ሲከፈት የተሰመረለት ነው። ኮምፒውተር ላይ ቢሆን እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ባለው መሣሪያ ይህን መለወጥ ይቻላል። የኛ ሣጥን ሶፍትዌር ግን ያን አያደርግም፤ ሁሉንም ወደ ውጭ አውጥቶ፣ እንደገና ፎርማት አድርጎ፣ ሁሉንም መመለስ ነበረብን። ለዚያ የሚሆን ሌላ 16 ቴራ ባዶ ቦታ ቄራ ውስጥ ማንም አልነበረውም። ትርፉ ቦታ ሳይነካ ዓመታት ተቀመጠ።

ይህን ባለማወቄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ሣጥኑን ፎርማት ያደረግን ቀን «64 ቢት ነው ወይ?» ብዬ ብጠይቅ አንድ ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ሰፊ ክፍል ለመልሶ ማልማት ተነሣ። ሰው ወደተለያየ ሰፈር ተበተነ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ የጋሼ ቤት በር ላይ ሰዎች መምጣት ጀመሩ። የሚፈልጉት ሰርጉን አልነበረም፤ ከሰርጉ ጀርባ ያለውን ነበር። ግቢውን፣ ድንኳኑ የተተከለበትን መንገድ፣ አሁን በሕይወት የሌሉትን ጎረቤቶች። አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ የቤቴ በር የምትታይበት ካለ እሷን ብቻ አውጣልኝ» አሉኝ። ጋሼ በዚያው ሳምንት ወሰኑ። «ይሄ ከእንግዲህ የኔ ንብረት አይደለም፤ ቢጠፋ አልጠየቅም የሚያሰኝ አይደለም» ብለው ትልቅ ስቶሬጅ ገዙ፤ ስምንት ዲስክ የሚይዝ።

በዚህኛው ተዘጋጅቻለሁ ብዬ ነበር። ፋይል ሲስተሙን ኤክስኤፍኤስ አደረግሁት፤ ሲሊከን ግራፊክስ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ለትልልቅ የምስል ሥራ የሠራው፣ እኛ ዕድሜ ልካችንን ብንቀርጽ መጠኑን የማንደርስበት። የፋይሎቹን ብዛትም አስቀድሜ ቆጠርሁ። መብራት ሲጠፋ ካቆመበት እንዲቀጥል አድርጌ፣ ከአሮጌው ሣጥንና በየካርቶኑ ካሉት የዊንዶውስ ዲስኮች ማዛወሩን ጀመርሁ።

የአሮጌው ሣጥን ያለችግር አለፈ። የዊንዶውስ ዲስኮቹ ላይ ግን መሀል መሀል እየዘለለ «ስሙ በጣም ረጅም ነው» የሚል ስሕተት ይጽፍ ጀመር። ከተዘለሉት አንዱ ፎልደር ስሙ እንዲህ ነበር፦ «ካዛንቺስ የሙሽሪት ቤት የሽምግልና የጥሎሽ የዋዜማ የሰርግ እና የመልስ ሙሉ ቀረጻ ከሽማግሌዎች ምርቃት እና የጎረቤት ጭፈራ ጋር ያልተቆረጠው የመጀመሪያው ካሜራ 2004»።

በጣቴ ቆጠርሁት። 81 ፊደል፣ 20 ክፍት ቦታ፣ 4 አኃዝ። በአጠቃላይ 105። ኤንቲኤፍኤስ ለአንድ ስም 255 ፊደል ይፈቅዳል፤ ገና ግማሹን አልነካም። የሊኑክስ ፋይል ሲስተሞችም፣ ኢኤክስቲ4 ሆነ ኤክስኤፍኤስ፣ የሚፈቅዱት 255 ነው፤ ግን የሚቆጥሩት ባይት እንጂ ፊደል አይደለም። 81 ፊደል በ3 ሲባዛ 243፣ ክፍት ቦታው 20፣ አኃዙ 4፤ ድምሩ 267። በ12 ባይት አለፈ። በእንግሊዝኛ 255 ፊደል የሚጽፍበት ሳጥን ላይ አማርኛ 85 ፊደል ብቻ ነው የሚጽፈው። ደስ ብሎኝ ያየሁት ያ የስም መርዘም፣ ያ ማንም አንብቦ ያገኘዋል ያልሁት፣ መግቢያ ያሳጣቸው እሱ ሆነ። የባሰው ደግሞ ረጅም ስም ያላቸው በጥንቃቄ የተሰየሙት ናቸው፤ በግዴለሽነት የተሰየሙት ሁሉ አልፈዋል።

የሁለቱን ወገን የፋይል ቁጥር ባናስተያይ ኖሮ አናውቅም ነበር። የስሕተቱ መስመር ከብዙ ሺህ «ተሳክቷል» መሀል የገባ ነው። ወጣቱ ሠራተኛ አሮጌዎቹን ዲስኮች አጥፍቶ ለአዲስ ሥራ ሊያውል ተዘጋጅቶ ነበር።

ስናስተያይ ሌላም ነገር ወጣ። «ሰርግ» እና «ሠርግ» ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ሁለት ናቸው። የአንድ ቤተሰብ ቀረጻ ግማሹ በእሳቱ ሰ፣ ግማሹ በንጉሡ ሠ ተጽፎ ለሁለት ተከፍሎ ኖሯል። አንደኛውን ብቻ የፈለገ ሰው ግማሹ የለም ብሎ ይመለሳል።

ስሞቹን እንዳሳጥር አሰብሁና እጄ አልታዘዝ አለኝ። ምን ይቆረጣል? ጎረቤት? ምርቃት? ያን ጊዜ እናቴ ትዝ አለችኝ፤ የብራናዎቹም ቁጥር። ለእያንዳንዱ ፎልደር አጭር ተራ ቁጥር ሰጠነው። ረጅሙን ስም ሳንነካ፣ በሁለቱም አጻጻፍ እንዲፈለግ አድርገን፣ ከቀኑና ከሰፈሩ ጋር አንድ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ አሰፈርነው። በፋይሉ ሆድ ውስጥ ጽሑፍ የፈለገውን ያህል ይረዝማል፤ 255 የሚባለው ስም ላይ ብቻ ነው። ከዚያ እንደገና አዛወርን። ከሁለቱም ወገን የፋይሉ ብዛት እኩል እስኪሆንና ከእያንዳንዱ ፋይል ይዘት የሚሰላው አኃዝ እስኪገጥም ድረስ አንድም አሮጌ ዲስክ አልተነካም። ጋሼ ዝርዝሩን አሳትመው በሰፊ ጥራዝ አስጠረዙት። የቤታቸው ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው፤ ሽፋኑ ላይ በእጃቸው «ባሕር መዝገብ» ብለው ጽፈውበታል።

የእኒያ እናት በር በ2004ቱ ፎልደር ውስጥ ተገኘች፤ አረንጓዴ ናት፣ ጎኗ ላይ የቆመች ጎረቤት እልል ትላለች።

ፎቶ ቤትና ቪዲዮ ቤት ያላችሁ፣ የዕድርና የሰበካ ጉባኤ መዝገብ በኮምፒውተር የያዛችሁ፣ የፈረሰ ሰፈር ምስል ካርቶን ውስጥ ያስቀመጣችሁ ሁሉ፦ ሃርድ ዲስክ ያረጃል፣ አንድ ቀንም ማዛወራችሁ አይቀርም። አዲሱን ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት ጠይቁ፤ ካዛወራችሁ በኋላ ቁጠሩ፤ ቁጥሩ ሳይገጥም አሮጌውን አታጥፉ።